የደጋኑ ሰውዬ

ጭብጨባው ሲጀመር ጽናት ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። የኮምቦልቻ ሙቀት ከቆርቆሮው ጣሪያ እየወረደ አዳራሹን አፍኖታል፤ እሷ ግን ጠዋት ለደሴ ብርድ የደረበችውን ሹራብ እንኳ አላወለቀችም። ከፊት ከተቀመጡት ሦስት ዳኞች አንዷ መነጽሯን አንሥታ ዓይኗን ጠረገች። ጽናት ይህን አየችና በልቧ «በቃ፣ የኔ ነው» አለች። ያለቀሰ ዳኛ ነጥብ አይሰስትም።

የውድድሩ ሕግ ቀላል ነው። ከደሴና ከኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ተማሪዎች በዕጣ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይደርሳቸዋል። የቃሉን ትርጉምና የመጣበትን ሥር አጥንተው፣ ከሚያውቁት ሰው ሕይወት አንድ እውነተኛ ታሪክ ጨምረውበት በእንግሊዝኛ ያነባሉ። ለሌላው «ድልድይ» እና «ጎረቤት» ሲደርሰው ለጽናት «አንጉዊሽ» ደረሳት። ከባድ ስቃይ፣ ጭንቅ ማለት ነው። የእንግሊዝኛ መምህሯ ቲቸር አራጋው «ለዐሥረኛ ክፍል ይከብዳል፣ እናስቀይረው?» ሲሏት ፊቷን አጠቆረች። እንግሊዝኛን ያወቀችው ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ከአባቷ ስልክ ነው፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። የሚከብዳት ቃል እንዳለ ደግሞ ማንም እንዲነግራት አትፈልግም።

ቃሉን ስትከታተለው ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይኛ በኩል ያለፈ ሆኖ አገኘችው። ሥሩ «ጠባብ» ማለት ነው። ሰው ተጨንቆ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ፤ የታነቀ ጉሮሮ። ይህን ባነበበች ቅጽበት የእትዬ አልጣሽ ቤት ትዝ አላት።

እትዬ አልጣሽ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ከነጽናት ግቢ ቀጥሎ የሚኖሩ፣ ለሰፈሩ ልጆች ሹራብ የሚሠሩ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ኪዳኑ አናጢ ነው። ጦርነቱ ደሴ የደረሰ ጊዜ፣ ሕዝቡ ሁሉ በእግሩ ከከተማ ሲወጣ፣ በዚያ ጥቅምት ኪዳኑም ወጣ። ደጋን የምትባል ከተማ ላይ ያየው ሰው ነበር። ከደጋን ወዲያ ግን አየሁት የሚል የለም፤ ሞተ ያለም፣ አለ ያለም የለም። ሠርቶ ያልጨረሰው ቁም ሳጥን ከሳሎን ወደ ጓዳ በሚያስገባው መተላለፊያ ላይ እንደቆመ ነው። እትዬ አልጣሽ አላስነሣም ብለው፣ ከሦስት ዓመት በላይ በገዛ ቤታቸው ጎናቸውን አዙረው ያልፋሉ።

ጽናት የቃሉን ሥር በነገረቻቸው ቀን ሹራባቸውን አላቆሙም ነበር።

«እኛስ ጭንቅ ጥብብ አለኝ እንል የለ? ፈረንጅም ያውቃል ማለት ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ ዓይናቸውን ከክሩ ሳይነቅሉ «ልጅሽ ሞተ ቢሉኝ እኮ ሰፊ ነው፣ ሆዴ። ድንኳን ይተከላል፣ አገር ይገባበታል፣ ተቃቅፎ ይለቀሳል። ይኼ የኔው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያሳልፈው» አሉ።

ጽናት ቤቷ ሮጣ ይህን ጻፈችው። ስሞቹን ለወጠች፤ ቁም ሳጥኑን ግን አልለወጠችም፣ ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? አንድ ነገር ብቻ ከነከናት። ታሪኩ መጨረሻ የለውም። አንዲት እናት በጠባብ መተላለፊያ ታልፋለች፣ ነገም ታልፋለች። ይህን ይዞ መድረክ ላይ መውጣት ያልበሰለ ነገር ማቅረብ መሰላት። ስለዚህ መጨረሻ ሠራችለት። አንድ ሽማግሌ ከደጋን መጥቶ የእናቲቱን በር ያንኳኳል፤ የልጁን የእንጨት መለኪያ ሜትር እጇ ላይ አስቀምጦ «በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት» ይላታል። እናቲቱ ሜትሩን ዘርግታ መተላለፊያውን ትለካለች። እዚህ ላይ ነበር ዳኛዋ ያለቀሰችው።

ጽናት አንደኛ ወጣች። ሰርተፊኬትና ሽታው ገና ያልለቀቀ ወፍራም መዝገበ ቃላት ተሰጣት። ከመድረክ ስትወርድ ቲቸር አራጋው ትከሻዋን ይዘው ሲስቁ፣ ዳኛዋ «ከሁሉም የነካኝ እውነተኛ ታሪክ መሆኑ ነው» እያለች አብራት ፎቶ ለመነሣት ስትጠብቅ፣ አንዲት የኮምቦልቻ ተማሪ ሰው እየገፋች መጥታ ከፊቷ ቆመች።

«የቧንቧ ውሃ ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«ሰርካዲስ እባላለሁ። ያ ቁም ሳጥን...» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አልጣሽ አክስቴ ናት፤ የአባቴ እህት። ስሟን ብትለውጪውም ቤቷን አወቅሁት። ሰውዬው መቼ ነው የመጣው?»

ዳኛዋ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ናት። ቲቸር አራጋውም ሰርተፊኬቱን ለፎቶ እያቃኑ ነው። «የለም፣ የፈጠርኩት ነው» ብትል ሁለቱም ይሰማሉ። ደረቷ ላይ የያዘችው ሁሉ ከእጇ ይወጣል።

«እሱን እኔ ልናገረው የምችለው ነገር አይደለም» አለች።

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጨዋ መስሎ ነበር። ግን በነሱ አገር መርዶን እንደ ወሬ የሚያወራው የለም። የሰማ ሰው ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ የሟች ቤተሰብ በር ሄዶ እስኪያረዳ ድረስ፣ ቢጠይቁትም «እኔ ልናገረው የምችለው አይደለም» ነው መልሱ። ይህን ያለ ሰው አዎ ብሏል። ሰርካዲስም የሰማችው አዎን ነበር። የአንገት ልብሷን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች።

«ገባኝ። ከማን እንደሰማሁ አልናገርም፣ አታስቢ» አለችና ሄደች።

ፎቶው ተነሣ።

ወደ ደሴ በሚመልሳቸው ሚኒባስ ውስጥ ጽናትና ረውዳ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ረውዳ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዋ ናት፤ ለማጨብጨብ ነበር አብራት የወረደችው። ግን ከኮምቦልቻ እስኪወጡ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

«ምነው፣ ቀናሽ እንዴ?» አለቻት ጽናት።

«ኪዳኑ መሞቱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ድርሰት እኮ ነው፣ መጨረሻ ያስፈልገዋል።»

«ድርሰት ነው ብለሽ አነበብሽ? እውነተኛ ታሪክ ነው ብለሽ አይደል የጀመርሽው?»

«ዘጠና እጁ እውነት ነው።»

«ዐሥር እጁ ሰውዬው ነዋ» አለች ረውዳ። «ወላሂ አንቺ ልጅ፣ ሰው ገድለሽ ሰርተፊኬት ተቀበልሽ። ያቺስ ልጅ ምን አለችሽ? እያለቀሰች ነው የወጣችው፣ አይቻታለሁ።»

ጽናት ነገረቻት። መናገሩን ስትጀምር ቀላል አድርጋው ነበር፤ «ልናገረው የምችለው አይደለም» የምትለው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋ አነሰ። ረውዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሼም ነው፣ ጽኑ። ሰዎቹ ይመጣሉ እኮ።»

ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ወርዶ ሾፌሩ መብራት አበራ። መኪናው ጠመዝማዛውን ሲዞር፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ዱላ የያዘ ሽማግሌ ጉም ውስጥ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ መብራቱ አገኘውና አለፈው። ኮቱ እሷ በጻፈችው ዓይነት ቡናማ ነበር። ሐረጎ ላይ ቡናማ ኮት የለበሰ ሽማግሌ በየቀኑ እንዳለ ታውቃለች። ቢሆንም ወደ ኋላ አልዞረችም።

በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቲቸር አራጋው ስሟን ጠርተው «በሚቀጥለው ወር ዞኑን ወክላ ትወዳደራለች» አሉ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ረውዳም አጨበጨበች፤ እጇ ግን ድምፅ አልነበረውም።

ለምሳ ቤት ስትገባ አባቷ በዚያ ሰዓት ቤት ነበር። ወንድምአገኘሁ የሰፈሩ ቅሬ ጸሐፊ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ሙታኑን የሚሸኝበት ማኅበር። ጓዳ ውስጥ ከእናቷ ጋር በዝግታ ያወራሉ። ጽናት ከበሩ ወዲህ ቆመች።

«የአልጣሽ ልጅ መርዶ መጣ» አለ አባቷ።

እናቷ ድምፅዋን የበለጠ ዝቅ አደረገች። «ከወዴት?»

«ከኮምቦልቻ። ወንድሟ አግማስ ደወለ። የቀበረው ሰውዬ ተገኝቷል አሉ። አንድ ዓይኑ የማያይ ሽማግሌ ነው፤ በቅሎ ይዞ በየአገሩ እየዞረ ነው አሉ ለየቤቱ የሚነግረው።»

ጽናት የጻፈችውን በልቧ ከለሰችው። እሷ አንድ ዓይኑን አላጠፋችም። በቅሎም አልሰጠችውም።

«እሷ ጠርጥራለች?»

«የለም። ነገ ጎህ ሲቀድ ነው። የሚያረዷት ሸህ ሰይድ ናቸው። የኮምቦልቻዎቹ መጀመሪያ እኛ ግቢ ይሰበሰባሉ፤ ድንኳኑን ማታ አስወጣለሁ።»

«እኔ እንጃ» አለች እናቷ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ወንድሜ አይደለም፣ ልጄም አይደለም፤ ግን አንጀቴ...»

«ቢያንስ አልቅሳ ይወጣላታል» አለ አባቷ። «ይኼን ሁሉ ዘመን ታንቃ ከምትኖር።»

ጽናት ይህን አንድ ቃል ይዛ ወጣች። ይወጣላታል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ክፍል ውስጥ ስታገላብጠው ዋለች። እውነትም ኪዳኑ ይሄን ሁሉ ጊዜ ካልመጣ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ሞቶ ከሆነ ደግሞ ውሸት አልተናገረችም፤ የተናገረችው ቀድማ ነው። እትዬ አልጣሽ ራሳቸው ሞት ሰፊ ነው አላሉም? እንግዲህ ሰፊውን ሰጠቻቸው። ሐሳቡ እያማረ ሄደ። በጣም ከማማሩ የተነሣ የውድድር ጽሑፍ መሰላት፤ ያኔ አስጠላት።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እግሯ ወደ እትዬ አልጣሽ ግቢ ወሰዳት። እሳቸው ደጃፋቸው ላይ፣ በቀረችው ፀሐይ ሹራብ እየሠሩ ነው።

«ውድድሩስ?» አሏት።

«አንደኛ ወጣሁ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው የመጨረሻ ወጣ?»

ጽናት ልትስቅ ሞከረች። አጠገባቸው ተቀመጠች። እትዬ አልጣሽ ክሩን ከጣታቸው ፈተው ወደ ግቢው በር አዩ።

«ዛሬ ሰው በዛብኝ» አሉ። «ያላየኝ መስሎ ያልፍ የነበረ ሁሉ ጎራ አለ። የረውዳ እናት ጨው አበድሪኝ ብላ መጣች። ሰጠኋት። ጨውዋን እዚሁ ትታ ሄደች።» በእግራቸው ጫፍ አመለከቱ፤ በፌስታል የተቋጠረ ጨው ከበርጩማው ሥር ተቀምጧል። «ምን ሆነው ነው፣ ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«አንቺ አልሰማሁም ካልሽ እሺ።» መርፌያቸውን እንደገና አነሡ፤ እጃቸው ግን አንዱን ጥልፍ ሁለት ጊዜ ሳተው። «በይ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። በአማርኛ አርገሽ። የኔን ቤት ነው አይደል የጻፍሽው?»

ወረቀቱ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አወጣችው። ከእንግሊዝኛው እየመለሰች ቀስ ብላ አነበበች፤ ቃሉን፣ ሥሩን፣ ጠባቡን መተላለፊያ፣ ጎኗን አዙራ የምታልፈዋን ሴት። እትዬ አልጣሽ አንድ ቦታ ላይ «እንዲህ ብያለሁ እንዴ?» አሉና ሳቅ አሉ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በእጃቸው አስቁመዋት ትንሽ ቆይተው «ቀጥይ» አሏት። ጽናት ቀጠለች። የበር ማንኳኳቱ ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ዓይኗ መስመሩ ላይ ቀረ።

«ከዚያስ?»

«እዚህ ላይ ያልቃል።»

እትዬ አልጣሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደ ረኩ ሰው።

«ጥሩ ቦታ ላይ ነው የተውሽው። ሌላ ሰው ቢሆን ይገድልብኝ ነበር።»

ጽናት ወረቀቱን አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው፤ መጨረሻ ላይ እጇ ውስጥ የሚጠፋ ትንሽ ነገር ሆነ። አሁን ብትናገር ምን ትላለች? ነገ ጠዋት ሊያረዱዎት ነው ብትል ያው ማርዳት ነው። በቅድሚያ መስማት ያለባቸው ሌሎቹ ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ፣ የኮምቦልቻዎቹ። እነሱ ደግሞ ብዙ ናቸው። ተነሥታ «ደህና ይዋሉ» አለች። እየመሸ ነበር፤ «ደህና ያምሹ» ማለት ነበረባት።

ማታ አባቷ የድንኳኑን ብረት በአጥር ጥግ ሲደረድር ሦስት ጊዜ «አባዬ» ብላ ጠራችው። ሦስቱንም ጊዜ «ውሃ ላምጣልህ?» ብላ ጨረሰችው።

ጎህ ሊቀድ ሲል ግቢው በሰው ሞላ። የኮምቦልቻዎቹ የሞተር ድምፅ እንዳይሰማ ሚኒባሳቸውን አስፋልቱ ላይ ትተው በእግር ነው የመጡት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም፤ የሚሰማው የጉንፋን ሳልና ጠጠር የሚረግጥ ጫማ ብቻ ነው። የእትዬ አልጣሽ ወንድም አቶ አግማስ ዓይናቸው አብጦ ከአጥሩ ተጠግተው ቆመዋል። ሰርካዲስ ከጎናቸው ናት። ጽናትን አየቻትና ወዲያው ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች፤ ቃሏን እየጠበቀች ነው። ጽናት እናቷ ያስያዘቻትን የውሃ ጆግ ይዛ ከበሩ አጠገብ ቀረች።

ሸህ ሰይድ በትራቸውን ተደግፈው መካከል ላይ ቆሙ። የሰማንያ ዓመት ሰው ናቸው፤ የሰፈሩን መርዶ ሁሉ እሳቸው ናቸው የሚያደርሱት።

«ከመነሣታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «የቀበረውን ሰው ያነጋገረ ማነው? ሴትዮዋ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነው የሚሆነው።»

አቶ አግማስ ቀና አሉ። «እኛን ነው የሚጠይቁን፣ ሸህ ሰይድ? ሰውዬው የመጣው እናንተ ሰፈር አይደለም እንዴ? እኛ ሥጋዎቿ ሳንሰማ እናንተ ሰምታችሁ ተቀምጣችኋል። ይኼንንም ለለቅሶው ብዬ ነው የዋጥኩት።»

«እኛ?» አለ የጽናት አባት። «እኛማ ካንተ ነው የሰማነው፣ አግማስ። ደውለህ የነገርከኝ አንተ።»

«እኔ የሰማሁት ከቧንቧ ውሃ የወጣ ወሬ ነው።»

«ከማን?»

አቶ አግማስ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ሰርካዲስ «አደራ ነው፣ አባዬ» አለች በቀጭን ድምፅ። ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ከሴቶቹ አንዷ «ጎረቤት እንዲህ ነው እንግዲህ» ስትል ሌላዋ «ምን ለማለት ነው?» አለቻት። ሸህ ሰይድ በትራቸውን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መቱ።

«ሰውዬውን በዓይኑ ያየ አለ?»

ከኋላ፣ የባጃጅ ሾፌሩ ሀፊዝ እጁን ግማሽ ድረስ አነሣ። «እኔ ያየሁት መሰለኝ። ረቡዕ፣ ሸዋ በር ላይ። በቅሎ ይዞ ነበር። ዓይኑንም... አዎ፣ አንድ ዓይኑ ልክ አልነበረም።»

ጽናት ሀፊዝን ታውቀዋለች። ቀልደኛ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም። ረቡዕ እሷ ጽሑፉን ገና ለማንም አላነበበችም ነበር። በዚያች ቅጽበት ሰውዬው ከግቢው በር ውጭ ቆሞ፣ ይግቡ እስኪሉት የሚጠብቅ መሰላት፤ ዞር ብትል የምታየው መሰላት።

ሸህ ሰይድ ረዘም አድርገው ተነፈሱ። «እንግዲያው ያየ ካለ...» አሉና ወደ በሩ አንድ እርምጃ ተራመዱ። ሰው ሁሉ ተከተለ።

«ሰውዬው የለም» አለች ጽናት።

ውሃ ያለበትን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«የደጋኑ ሰውዬ የለም፣ አባ ሸህ። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ኮምቦልቻ ለውድድር የእትዬ አልጣሽን ታሪክ ጽፌ አነበብኩ። መጨረሻ ስላልነበረው እኔ ጨመርኩበት። ሰርካዲስ መጥታ ስትጠይቀኝ ሰው ፊት አፈርኩና ልናገረው አልችልም አልኳት። ስለ ኪዳኑ እኔ የማውቀው ሁላችሁም የምታውቁትን ነው።»

ሀፊዝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አባቷ ያያታል፤ ግን ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ምንም የለም፤ ይህ ከቁጣው የባሰ ነበር።

«ዋሸሽኝ?» አለች ሰርካዲስ።

«ዋሸሁሽ።»

«ትናንት ሙሉ ቀን እኮ...» አልጨረሰችውም።

አቶ አግማስ ከአጥሩ ሥር ያለው የድንኳን ብረት ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ ጽናትን ይመቷታል ብሎ ሲጠብቅ እሳቸው ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«እኔ አልቅሼለት ጨርሻለሁ» አሉ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ነው ያለቀስኩት። አሁን ደግሞ እንደገና መጠበቅ ልጀምር ነው? ከየት ነው የምጀምረው?»

ጽናት የምታውቃቸው ቃላት ሁሉ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ አንዳቸውም ለዚህ አልሆኑም። «ይቅር ይበሉኝ» አለች። አቶ አግማስ ቀና ብለው አላዩዋትም።

ሸህ ሰይድ በትራቸው ላይ እንደተደገፉ «ሰዉ በየቤቱ ይግባ» አሉ። «ድንኳኑም ይመለስ፣ ወንድምአገኘሁ። የኮምቦልቻዎቹ እዚሁ ትንሽ ዐረፍ ብለው፣ ብርድ ሳይለቃቸው አይሂዱ።» ከዚያ ወደ ጽናት ዞሩ። «አልጣሽ ግን መስማቷ አይቀርም። ይኼ ሁሉ እግር በደጇ አልፏል። ማን እንዲነግራት ትፈልጊያለሽ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። የሰውዬውንም።»

አባቷ ከእናቷ ትከሻ ላይ ጋቢ ወስዶ ሰጣት።

ወደ እትዬ አልጣሽ በር የሚወስደው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፣ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ውሻ እንኳ አይጮህም። በሩ ጋ ደርሳ እጇን አነሣች። ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማች፤ ስኒ ይሁን የወንበር እግር አላወቀችም። እትዬ አልጣሽ ነቅተዋል።

እጇ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ሰዓት በር የሚያንኳኳ ሰው አንድ ወሬ ብቻ ነው ይዞ የሚመጣው። «ማነው?» ብለው እስኪጠይቁ፣ እሷም «እኔ ነኝ፣ ስለ ኪዳኑ አይደለም» እስክትል ባለችው ጊዜ ውስጥ፣ እሳቸው ልጃቸውን አንዴ ቀብረው ይጨርሳሉ።

እጇን አወረደች። ጋቢውን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር። ዳቦ የሚገዙ ልጆች እስኪወጡ፣ የመጀመሪያው ባጃጅ እስኪነሣ፣ በር ማንኳኳት እንደማንኛውም ቀን ተራ ነገር እስኪሆን ድረስ እዚያው ትጠብቃለች።